መስከረም ዘጠኝ ተብሎ ስለታየው የመስከረም ስድስት ፊልም

ቀን፦ መስከረም 25 ቀን 2010 ዓ.ም. (በማህበራችን ማሽን አቆጣጠር መስከረም 28)

ለክቡር አቶ ሣህሌ አባይነህ
የጮራ የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች ባለቤቶች ማህበር ሊቀመንበር
የካ አባዶ

ጉዳዩ፦ ፊልሙ ሳይጠፋ እንዲታይና ጋሽ ዱጋሳ ወደ ጥበቃ ሥራቸው እንዲመለሱ ስለመጠየቅ

ክቡር ሊቀመንበር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የጤናዎን ነገር እጠይቃለሁ። የውሃ ፓምፓችን ከተሰረቀ ወዲህ እስከ አራተኛ ፎቅ ጀሪካን የምናመላልስ ነዋሪዎችዎ ወገባችን ቢጎብጥም፣ እርስዎ ግን ግራውንድ ላይ ስለሚኖሩ ወገብዎ እንደቀና መሆኑን፣ ማለዳ ማለዳም እጅዎን ወደ ኋላ አጣምረው ግቢውን ሲዞሩ በመስኮት እያየን እንጽናናለን። ይህንኑ ጤና ያቆይልዎ፤ ከዚህ በታች ያለውን አንብቦ ለመጨረስ ያስፈልግዎታልና።

እኔ ርሆቦት ገመዳ የብሎክ 47 አራተኛ ፎቅ ነዋሪ ነኝ። እንጀራዬ ጉርድ ሾላ በሚገኝ አንድ ሱቅ የደህንነት ካሜራ መግጠምና የተበላሸውን መጠገን ሲሆን፣ በዚሁ ሥራ ሰባት ዓመት ቆይቻለሁ። ይህን የማነሳው ለመመጻደቅ ሳይሆን፣ በመስከረም 14ቱ ስብሰባ እጄን ባወጣሁ ጊዜ «የቤት እመቤቶች አስተያየት በመጨረሻ ይደመጣል» ብለው ስላስቀመጡኝና መጨረሻው እስከ ዛሬ ስላልመጣ ነው። ከዚያም ወዲህ ሦስት ጊዜ ቢሮዎ ድረስ መጥቼ ሁለቴ ስብሰባ ላይ ነዎት ተብዬ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ በመስኮት ጋዜጣ ሲያነቡ እያየሁዎ የሉም ተብዬ ተመልሻለሁ። ይህንን ደብዳቤ በየደረጃው መግቢያ ለመለጠፍ የተገደድኩትም ለዚሁ ነውና በድፍረቴ አይቀየሙኝ።

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ይባላል። ውሃውን ፓምፕ ስለሌለን ለጊዜው ትቼ፣ ነገሩን ከሥሩ እጀምራለሁ።

1ኛ/ ባለፈው ግንቦት ካሜራዎቹ በተመረቁ ዕለት ስለፈጸሙት እርማት ምስጋናዬ ይድረስዎ። ስምንቱ ካሜራዎችና ምስላቸውን እየቀዳ የሚያስቀምጠው ማሽን ሥራ በጀመሩበት በዚያ ቀን፣ ሪባኑን ቆርጠው ወደ ስክሪኑ ጠጋ እንዳሉ ጥግ ላይ 2017 የሚል ቁጥር አይተው፣ ዕቃው ስምንት ዓመት የተሳሳተ ሆኖ እንደተሸጠልን ለተሰብሳቢው አስታወቁ። ገጣሚው ልጅ የፈረንጅ አቆጣጠር መሆኑንና መነካት እንደሌለበት በትሕትና ቢነግርዎትም፣ «እኛ የራሳችን አቆጣጠር ያለን ሕዝብ ነን» ብለው ማውሱን ተቀበሉት፤ በገዛ እጅዎም ዓመቱን 2009፣ ወሩን ዘጠነኛ፣ ሰዓቱንም እንደኛ አደረጉት። ቤቱ በጭብጨባ ተናወጠ። እኔም ሥራዬ መሆኑን እያወቅሁ፣ ነገሩን እያየሁ፣ ሰው ሲያጨበጭብ አብሬ አጨብጭቤያለሁ፤ በዚህ ጉዳይ ውስጥ የእኔ ጥፋት ያ ነውና አልክደውም።

ሰዓቱን መለወጥዎ ማንንም አልጎዳም። ቀኑ ግን ሌላ ነገር ነው። ማሽኑ እርስዎ 2009 ስላሉት ኢትዮጵያዊ አልሆነም፤ ወራቱን የሚቆጥረው አሁንም ፋብሪካው ባስተማረው መንገድ ነው። በእሱ ዘንድ ዐሥረኛው ወር ሠላሳ አንድ ቀን አለው፤ ስለዚህ ሰኔን ሠላሳ አንድ አደረገው። ዐሥራ ሁለተኛውም ሠላሳ አንድ ነው፤ ነሐሴንም እንዲሁ አደረገ። በዚህ ሁለት ቀን ወደ ኋላ ቀረ። ከዚያ በኋላ ዐሥራ ሦስተኛ ወር የሚባል ነገር ስለማያውቅ፣ አምስቱን የጳጉሜን ቀናት እንዳልተፈጠሩ ዘለላቸው። ሁለት ቀርቶ አምስት ቢዘል ሦስት ቀን መቅደሙ ነው፤ እኛ ጳጉሜን 3 ላይ ሆነን ለበዓል በግ ስንከራከር የማህበራችን ማሽን መስከረም 1 ብሎ አዲስ ዓመት ገብቶ ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ እስከ ዛሬ ከእኛ ሦስት ቀን ቀድሞ ይኖራል። የሚጠራጠር ሰው ካለ ቢሮዎ ገብቶ፣ በስክሪኑ ላይ የተጣለውን ዳንቴል ገለጥ አድርጎ፣ የዛሬዋን ቀን ማየት ይችላል።

2ኛ/ ለንብረት ያለዎትን ጥንቃቄም ሳላደንቅ አላልፍም። ካሜራ ከካርቶኑ ሲወጣ መስታወቱ እንዳይጫር ስስ ላስቲክ ተለጥፎበት ይመጣል፤ ተሰቅሎ ሲያበቃም ይላጣል። እርስዎ ግን አዲስ ዕቃ ላስቲኩ ሲነሳ ያረጃል በሚል መርህ ስምንቱም ላስቲካቸውን እንደለበሱ እንዲቀመጡ አዘዙ። ሪሞታችንን ከነላስቲኩ አሥር ዓመት የምንይዝ ሰዎች ስለሆንን ማንም አልተቃወመም። ክረምቱ መጣ፤ በላስቲኩና በመስታወቱ መካከል ዝናብ ገባ፣ የአባዶ አቧራም ተከትሎት ገባ። አሁን በዋናው በር የሚያልፍ ሰው በእንፋሎት በተሸፈነ የባኞ ቤት መስታወት ውስጥ እንደሚታይ ሆኖ ነው የሚታየው፤ ቁመቱና የያዘው ዕቃ ይለያል፣ ፊቱ ግን የማንም ሊሆን ይችላል።

በዚሁ ላይ አራተኛውና ሰባተኛው ካሜራ በአንድ አድራሻ ተመዝግበዋል። እያንዳንዱ ካሜራ በመስመሩ ላይ እንደ ቤት ቁጥር ያለ የራሱ አድራሻ ሊኖረው ሲገባ፣ ሁለቱ አንድ ቁጥር ስለያዙ ማሽኑ አንዱን ሲጠራ ሌላው ይጠፋል። የፓምፑን ቤት እንዲያይ የተሰቀለው ሰባተኛው በዚህ የተነሳ ብዙውን ጊዜ ጥቁር ነው። ነዋሪው ሲጠይቅዎ መብራት ኃይል ነው ብለውናል። ለማስተካከል ከአምስት ደቂቃ በላይ አይፈጅም፤ በሐምሌ ወር ያለ ክፍያ ላስተካክልላችሁ ጠይቄ፣ ጥያቄዬ በአጀንዳ እንደሚያዝ ተነግሮኝ ነበር። አጀንዳው ሲመጣ እኔም እመጣለሁ።

3ኛ/ አሁን ወደ ፓምፑ እንምጣ። መስከረም 6 ቀን፣ ቅዳሜ፣ ፓምፑ ስላጉረመረመ ወሰን ሰፈር ወደሚገኘው ሞተር ጠምጣሚ ወደ ኢዶሳ ተወሰደ። ዝናብ ነበር። ሁለት ሰው የማይበቃውን ዕቃ ጋሽ ዱጋሳ አንዱን ጫፍ ተሸክመው፣ በሩን ወለል አድርገው ከፍተው፣ ለዚሁ በመጣች ዳማስ መኪና ላይ ጫኑት። ሰኞ መስከረም 8 ተጠግኖ ተመለሰ፤ ያን ቀን ማታ ሁላችንም ሻወር ወስደናል። ማክሰኞ መስከረም 9 ቀን ሲመሽ የፓምፑ ቤት ባዶ ሆኖ ተገኘ።

ኮሚቴዎ ሐሙስ ዕለት ማሽኑን ከፍቶ «9» የሚለውን ቀን አስፈለገ። ማሽኑም 9 ያለውን አወጣ። በፊልሙ ላይ ጋሽ ዱጋሳ በሩን ወለል አድርገው ከፍተው፣ የፓምፑን ጫፍ ተሸክመው፣ ዳማስ ላይ ሲጭኑ ታዩ። ከኋላቸው ጥቁር ጃንጥላ የያዘ አንድ ሰው ጀርባውን ለካሜራው ሰጥቶ ቆሞ በቀኝ እጁ ወደ ዳማሷ ያመለክታል። ሌላ ማስረጃ አላስፈለጋችሁም፤ በዚያው ሰዓት ጋሽ ዱጋሳ ወደ ፖሊስ ጣቢያ ተወሰዱ። የጃንጥላው ሰው ምስልም ታትሞ «ያልታወቀ ግብረ አበር» ከሚል ጽሑፍ ጋር፣ ለጠቆመ የምስጋና የምስክር ወረቀት እንደሚሰጥ ቃል ተገብቶ፣ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ተለጠፈ።

ማሽኑ 9 የሚለው የእኛ 6 መሆኑን ከላይ ቆጥሬ አሳይቻለሁ። ቆጠራ የማይወድ ሰው ደግሞ ሰማዩን ያስታውስ፤ በፊልሙ ላይ ዶፍ እየወረደ ነው። ማክሰኞ መስከረም 9 ቀን ግን እኔ ሁለት ብርድ ልብስ አጥቤ አስጥቼ፣ ከቀትር በፊት ደርቆልኝ አጥፌዋለሁ፤ የብሎክ 47 ሴቶች በሙሉ ምስክሮቼ ናቸው። ይህም ካልበቃ ኢዶሳ ዕቃ የሚቀበልበት መዝገብ አለው፤ ወሰን ድረስ ሄጄ አይቼዋለሁ፣ ፎቶውንም አንስቻለሁ። ፓምፑ ቅዳሜ 6 እንደገባ፣ ሰኞ 8 እንደወጣ ተጽፏል። የአምጪው ስምና ፊርማም አለ፤ እሱን ለጊዜው አቆየዋለሁ።

4ኛ/ በመስከረም 14ቱ ግምገማ ላይ ስላሳዩት ቆራጥ አመራር ምን ብዬ እንደማመሰግን አላውቅም። ጋሽ ዱጋሳ ዋስ ሆኜላቸው ከጣቢያ በወጡ ማግስት ነበር። ዛሬ ብሎክ 31 የቆመበት ቦታ የሳቸው የጤፍ ማሳ እንደነበር፣ የመሬታቸው ካሳ ካለቀ በኋላ በገዛ ማሳቸው ላይ በተሠራው አጥር ዘበኛ ሆነው እንደተቀጠሩ፣ በአራት ዓመት አንድ የሕፃን ጫማ እንኳ ከደረጃ ላይ እንዳልጠፋ እርስዎም እኛም እናውቃለን። ያን ቀን ግን ወንበር ሳይሰጣቸው ቆመው፣ ፊልሙ በግድግዳ ላይ እየታየ፣ ግለ ሂስ እንዲያደርጉ ተጠየቁ። «ይሄ የቅዳሜው ነው» አሉ። እርስዎ «ማሽን አይዋሽም» አሏቸው። የጃንጥላውን ሰው ስም እንዲያወጡ ሲጠየቁ ግን አንገታቸውን ደፍተው «ሰውየው ራሱ ያውቃል» ብቻ አሉ።

ቃለ ጉባኤውን አንብቤዋለሁ። የመጀመሪያው መልሳቸው «ግምገማውን ለማሳሳት መሞከር»፣ ሁለተኛው «ግብረ አበርን መደበቅ»፣ ዝምታቸው ደግሞ «የአመለካከት ችግር» ተብሎ ተመዝግቧል። ከሥራ የተሰናበቱትም በእነዚሁ በሦስቱ ነው። አንድ ሰው ተናግሮም ዝም ብሎም ጥፋተኛ የሚሆንበትን አሠራር ስለፈጠሩልን እናመሰግናለን። ከስብሰባው ስንወጣ የሳቸው ልጅ ሶሬቲ በሩ ላይ ቆማ ነበር፤ ከሚያውቋት ሰዎች መካከል እኔን ጨምሮ ሰላም ያላት አልነበረም። እኔም የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ የሚለውን ተረት ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው፣ በቃለ ጉባኤ ተጽፎ፣ ማህተም ተመትቶበት ያየሁት ያኔ ነው።

በነገራችን ላይ ማሽኑ በእርግጥም አልዋሸም። የተነገረውን ነው የያዘው።

5ኛ/ እንግዲህ ወደ ጥያቄዬ ልግባ። የማሽኑ ማከማቻ የሚይዘው የሃያ ቀን ፊልም ብቻ ነው፤ ሲሞላ አሮጌውን እያጠፋ በላዩ ይጽፋል። የቅዳሜው ፊልም ነገ ይጠፋል። የማክሰኞው ማለትም ፓምፑ በእውነት የተሰረቀበት፣ ማሽኑ 12 ብሎ የጻፈበት፣ ማንም ያላየው ፊልም የፊታችን ሰኞ መስከረም 29 ይጠፋል። ጋሽ ዱጋሳ ጥቅምት 2 ቀን የፍርድ ቤት ቀጠሮ አላቸው። ያን ቀን የሚቀርበው እናንተ ለጣቢያው በሲዲ የሰጣችሁት ፊልም ብቻ ከሆነ ሌባ ሆነው ይቀራሉ፤ ማክሰኞ የሆነውን የሚያሳይ ሌላ ነገር በዓለም ላይ የለም።

ከግቢያችን የሚያስወጣ በር አንድ ብቻ ነው፤ የበሩ ካሜራም፣ ብዥ ቢልም፣ አድራሻው የብቻው ስለሆነ ቀኑን ሙሉ ሲቀዳ ውሏል። ፓምፑን ማን እንደወሰደው አላውቅም፤ እንዳውቅ ነው እንዲታይ የምጠይቀው። ሥራውን ለመሥራት አንዲት ፍላሽና ሩብ ሰዓት ይበቁኛል። የይለፍ ቃሉ የማህበሩ ምስጢር መሆኑን ነግረውኛል። ከአንድ እስከ ስድስት ያሉት ቁጥሮች በተራቸው መሆናቸውን ግን ከካርቶኑ ጋር የመጣው መመሪያ በአራተኛው ገጽ ላይ ይናገራል፤ እርስዎም አልለወጡትም። ብፈልግ ኖሮ እቤቴ ቁጭ ብዬ፣ በግቢው ኔትወርክ ገብቼ ላወጣው እችል ነበር። ያልነካሁት ፈርቼ አይደለም። ነገ ሰርቃ አወጣችው፣ ቀይራው ነው እንዳይባልና፣ እርስዎ በተገኙበት፣ በገዛ ዓይንዎ እያዩ እንዲወጣ ስለምፈልግ ነው።

ስለዚህ የቢሮዎን በር ከፍተው፣ ዳንቴሉን አንስተው፣ የቅዳሜው ፊልም ዛሬውኑ፣ የማክሰኞው ደግሞ እስከ እሑድ ድረስ በነዋሪ ፊት እንዲገለበጡ፤ ትክክለኛው ቀን ተገልጾ ለጣቢያው እንዲጻፍ፤ ጋሽ ዱጋሳም በተሰናበቱበት አዳራሽ፣ በተሰናበቱበት ግድግዳ ፊት፣ በዚህ ጊዜ ወንበር ተሰጥቷቸው፣ ይቅርታ ተጠይቀው ወደ ሥራቸው እንዲመለሱ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ካልሆነ ሰኞ ማለዳ ማሽኑ ራሱ ውሳኔ ይሰጥልናል፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ግን እኔ በአክብሮት አልጽፈውም።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። የእኛ ላስቲክ ስላለበት እንጂ እስካሁን ይጠራ ነበር።

ለግቢያችን ሰላም የማይተኛውን ዓይንዎን፣ ለንብረታችን የሚሳሳውን እጅዎን፣ ስህተት ባየ ቁጥር ለእርማት የሚፈጥነውን ጣትዎን እግዚአብሔር ይባርክልን እያልኩ፣ ጀሪካኔን ደረጃው ላይ አስቀምጬ፣ ዝቅ ብዬ እጅ በመንሳት እሰናበትዎታለሁ።

አክባሪዎ
ርሆቦት ገመዳ
ብሎክ 47፣ አራተኛ ፎቅ

ግልባጭ፦
ለሁሉም ብሎኮች መግቢያ
ለጋሽ ዱጋሳ ቀነኒሳ (በኦሮምኛ ላነብላቸው ቃል ገብቻለሁ)
ለማስታወቂያ ሰሌዳው፣ ከፎቶው አጠገብ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ስለ «ያልታወቀው ግብረ አበር» የጠየቁትን ጥቆማ ማቅረብ ረስቼ ነበር። ጃንጥላው እጀታው የዳክዬ ራስ ነው፤ በግቢያችን እንዲህ ያለ ጃንጥላ አንድ ብቻ ሲሆን፣ ዛሬ ጠዋት ቢሮዎ በር ላይ ተንጠልጥሎ አይቼዋለሁ። በኢዶሳ መዝገብ ላይም መስከረም 6 ቀን «አምጪ» በሚለው ሥር ሣህሌ አባይነህ ተብሎ ተጽፎ፣ በቃለ ጉባኤዎቻችን ላይ የምናውቀው ያ ረጅም ፊርማ ተፈርሞበታል። እርስዎ ጀርባዎን አላወቁትም፤ ሰው የራሱን ጀርባ አይቶ ስለማያውቅ አልፈርድብዎትም። ጋሽ ዱጋሳ ግን ፊልሙ ግድግዳው ላይ እንደበራ አውቀውዎታል። ለምን እንዳልተናገሩ ስጠይቃቸው «ሽበት ያለውን ሰው ሚስቱ ፊት፣ ጎረቤቱ ፊት እንዴት አድርጌ ሌባ ላስብለው» አሉኝ። እሳቸው ለእርስዎ ሲሉ ዝም አሉ፤ እርስዎ ያንኑ ዝምታቸውን ምክንያት አድርገው አሰናበቷቸው። ለጠቋሚ ቃል የተገባውን የምስጋና የምስክር ወረቀት በሳቸው ስም እንዲያዘጋጁልኝ እለምናለሁ፤ ቀኑን ግን እባክዎ ሌላ ሰው ይሙላው።